በመስከረም የሚቆጠሩ፣ በሰኔ የማይገኙ

ነሐሴ ማለቂያ ላይ ነው። በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ጫፍ፣ ከኮንዶሚኒየሞቹ ጀርባ ባለ አንድ የመንግሥት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ የወላጆች ሰልፍ ከሪከርድ ክፍሉ በር ተነስቶ ባንዲራ መስቀያውን ዞሮ አጥሩ ሥር ደርሷል። ሌሊቱን ሲያወርደው ያደረው ዝናብ ግቢውን ስላጨቀየው ሰው ሁሉ ጫማውን ደረጃው ጠርዝ ላይ እየጠረገ ነው የሚገባው። ተራቸው የደረሰ አንዲት አዛውንት ነጠላቸውን እያስተካከሉ አንዲት ቀጭን ልጅ ወደፊት ገፋ አደረጉ።

«የልደት ምስክር ወረቀት ይዘዋል እማማ?» አለቻቸው መዝጋቢዋ።

«ከየት አምጥቼ ልጄ? የልጄ ልጅ ናት፤ ከወሎ ከመጣች ገና ሦስት ወሯ ነው። ክርስትና የተነሳችበትም ወረቀት እዚያው ቀርቷል።»

«የክትባት ካርድስ?»

አዛውንቷ ራሳቸውን ነቀነቁ። አጠገብ የቆመ መምህር ልጅቷን ጠራት። «ነይ እስቲ ሚጣዬ፣ ቀኝ እጅሽን በአናትሽ ላይ አሻግሪና ግራ ጆሮሽን ንኪ።» ልጅቷ ቤት ውስጥ ስትለማመደው የከረመች ይመስል ፈጥና እጇን አነሳች። ጣቶቿ ጆሮዋ ጋ ለመድረስ ትንሽ ሲቀራቸው አንገቷን ቀስ አድርጋ ወደ ቀኝ ዘመም አደረገች። «ቀና በይ እንጂ!» መምህሩ ፈገግ ብሎ አገጯን ይዞ አስተካከላት። የመሃል ጣቷ ጫፍ የጆሮዋን አናት ነካ። «ደርሳለች» አለ። መዝጋቢዋ «ዕድሜ» በሚለው ዓምድ ሥር 7 ብላ ጻፈች።

ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት ብዙዎቹ በዚሁ ፈተና ትምህርት ቤት የገቡ ይመስለኛል። ፈተናው ከንቱ አይደለም። ሕፃን ልጅ ራሱ ትልቅ፣ ክንዱ አጭር ነው፤ ክንዱ ጆሮውን የሚያገኘው ስድስትና ሰባት ዓመት አካባቢ ነው። ችግሩ የሚለካው ቁመናን እንጂ ዕድሜን አለመሆኑ ነው። በ2008 ዓ.ም. የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው፣ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ የኢትዮጵያ ልጆች 38 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። የቀነጨረ የስምንት ዓመት ልጅ «አልደረስክም፣ ለከርሞ» ሊባል ይችላል፤ ምግብ ያልጎደለበት ረጅም የአምስት ዓመት ልጅ ደግሞ ሰተት ብሎ ይገባል። ከሁለቱ የትኛው መጠበቅ እንደነበረበት አንባቢ ይፍረድ።

ወረቀት የለም የሚባለውም የአዛውንቷ ቸልተኝነት አይደለም። በዚያው ጥናት መሠረት ልደታቸው የተመዘገበ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች 3 በመቶ ብቻ ነበሩ። አገር አቀፉ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ራሱ የተጀመረው በ2008 መጨረሻ ላይ ነው። ስለዚህ በብዙ ቦታ የልጅ ዕድሜ ማለት ወላጅ የሚናገረው ነው፤ ወላጅ ደግሞ የሚናገረው ለኑሮው የሚመቸውን ነው። ገበያ የምትውል እናት የአምስት ዓመቷን «ሰባት ሞልቷታል» ትላለች፣ የምትተውበት ሰው የለማ። ትምህርት ቤቱ ወንዝ ማዶ የሆነበት ገበሬ ደግሞ የስምንት ዓመቱን ልጅ «ትንሽ ይጠንክር» ብሎ ሁለት ዓመት ከብት ያስጠብቀዋል። በአንድ የአንደኛ ክፍል ወንበር ላይ የአምስትና የአሥር ዓመት ልጆች ጎን ለጎን ተቀምጠው የሚገኙት በዚህ ምክንያት ነው።

በጋዜጣዊ መግለጫ የምንሰማው «የትምህርት ተሳትፎ ከመቶ በመቶ በላይ ደረሰ» የሚለው ዜና የሚወለደውም ከዚሁ ወንበር ነው። ትምህርት ሚኒስቴር ሁለት ስሌት አለው። ጥቅል ተሳትፎ የሚባለው ዕድሜያቸው ምንም ይሁን ምን በክፍሎቹ ውስጥ ያሉትን ልጆች በሙሉ ቆጥሮ፣ ዕድሜያቸው ለትምህርት ለደረሰው ሕፃናት ብዛት ያካፍላል። ንጥር ተሳትፎ የሚቆጥረው በትክክለኛው ዕድሜያቸው የገቡትን ብቻ ነው። አንድ ቀበሌ ውስጥ ሰባት ዓመት የሞላቸው 100 ልጆች አሉ እንበል። አንደኛ ክፍል 140 ተመዘገቡ፤ ከእነዚህ ሰባት ዓመት የሆናቸው 60 ብቻ ናቸው፤ የቀሩት ታናናሾችና ታላላቆች ናቸው። ጥቅሉ 140 በመቶ ይላል፣ ሪፖርቱም ያምራል። ግን 40 የሰባት ዓመት ልጆች አንደኛ ክፍል ውስጥ የሉም፤ በ140ው ደስ ያለው ሰው ስለ 40ዎቹ አይጠይቅም።

አካፋዩ ቁጥር ራሱም ግምት ነው። ኢትዮጵያ ሕዝቧን ለመጨረሻ ጊዜ የቆጠረችው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ 73.7 ሚሊዮን ተብለን ነበር። ቀጣዩ ቆጠራ ደጋግሞ ተራዝሟል። ዛሬ «በወረዳው ሰባት ዓመት የሞላቸው ልጆች ይህን ያህል ናቸው» ሲባል፣ ቁጥሩ የመጣው ልጆቹ ከመወለዳቸው ብዙ ዓመት በፊት ከተደረገ ቆጠራ ላይ ተነስቶ በተሠራ ትንበያ ነው። ሰው ከወረዳው ተፈናቅሎ ወጥቶ ሊሆን ይችላል፣ ተፈናቅሎ ገብቶም ሊሆን ይችላል። ትንበያው ይህን አያውቅም።

ይህን ሁሉ የምለው የተሠራውን ለማሳነስ አይደለም። ግንቦት 1953 ዓ.ም. የአፍሪካ መንግሥታት ተወካዮች በዩኔስኮ ጋባዥነት እዚሁ አዲስ አበባ ተሰብስበው፣ በ1972 ዓ.ም. አካባቢ የአፍሪካ ልጅ ሁሉ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ያገኛል ብለው ቃል ገብተው ነበር። ስብሰባውን ባስተናገደችው አገር የመማሪያ ክፍል በር የረገጡት ልጆች ግን በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። በ1964 የተጠናው የትምህርት ሴክተር ግምገማ ለአብዛኛው ልጅ የአራት ዓመት ትምህርት በቂ ነው የሚል ሐሳብ ይዞ መጣ፤ መምህራኑ በየካቲት 1966 ሥራ ካቆሙባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነበር። ደርግ ትምህርት ቤት በገጠር አበዛ፣ በ1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ አወጀ፤ የእርስ በርስ ጦርነቱ በተፋፋመባቸው የመጨረሻ ዓመታቱ ግን የተገነባው መልሶ ተናደ። መንግሥት በተለወጠ ማግስት የአንደኛ ደረጃ ጥቅል ተሳትፎ ወደ 20 በመቶ አካባቢ ወርዶ ነበር። ሚያዝያ 1986 በወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ተደረገ፤ ክፍያም ቀረ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ብዙ አገር አላየውም፤ በሁለት አሥርት ዓመታት ውስጥ ከ3 ሚሊዮን ያልበለጠው የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ከ18 ሚሊዮን በላይ ሆነ።

«ድሮ ትምህርት ትምህርት ነበር» የሚሉ ታላላቆቻችን አሉ። አከብራቸዋለሁ፤ አልስማማም። ድሮ የነበረው ጥራት በከፊል የተገኘው ከአምስት ልጆች አራቱ ደጅ ስለቀሩ ነው። የገበሬው፣ የሸማኔው፣ የአርብቶ አደሩ ልጅ ሳይገባ የተቀሩት ጥቂቶች ጎበዝ ቢሆኑ ምን ይደንቃል? ጥያቄው በሩ ለምን ሰፋ ሳይሆን፣ ከገቡ በኋላ የት ሄዱ የሚለው ነው።

የት እንደሄዱ ለማየት የስም መጥሪያውን መግለጥ ነው። ደቡብ ወሎ ውስጥ በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍልን ያስተማረ መምህር የአንድ ዓመቱን መጥሪያ አሳይቶኛል፤ ጠርዙ በእጅ ብዛት የጠቆረ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ የተሞላ ደብተር ነው። መስከረም ላይ ስሞቹ ሁለት ገጽ ሞልተው ሦስተኛውን ጀምረዋል። የጥቅምት ዓምዶች ላይ «ቀ» የምትለው ፊደል እዚህም እዚያም ብቅ ትላለች፤ ቀሪ ማለት ነው። ኅዳር ላይ «ቀ» በመደዳ ተደርድራለች። «ማሽላ ጥበቃ ነው» አለኝ፤ «ወፍና ዝንጀሮ የሚያባርረው እኮ ልጅ ነው። ጤፉም ይታጨዳል።» ታኅሣሥ ላይ አንዳንዶቹ ይመለሳሉ። ጥር መጣና፣ ሠርግ። አንደኛ ክፍል የምትገኝ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ስም ላይ በእርሳስ ቀጭን መስመር ተስቦበታል። በየሳምንቱ የገበያ ቀን ላይ ደግሞ «ቀ» ከላይ እስከ ታች ትወርዳለች። በሰኔ ፈተና የተቀመጡት ስሞች አንድ ገጽ ተኩል ገደማ ናቸው።

የዚህ መምህር ክፍል የተለየ አይደለም። አገር አቀፍ አኃዞቹ ለብዙ ዓመታት ሲያሳዩ የኖሩት፣ ከአንደኛ ክፍል ተማሪዎች ከአምስት አንዱ ገደማ ዓመቱን ሳይጨርስ እንደሚያቋርጥ ነው። ስምንተኛ ክፍልን ማጠናቀቅ የሚገባቸው ልጆች ደግሞ ግማሽ ያህሉ ብቻ ናቸው እዚያ የሚደርሱት። ክፍሎቹ ታች ሰፊ ሆነው ወደ ላይ የሚጠቡት ለዚህ ነው።

አሁን ደግሞ አንዲት ረቂቅ ነገር አለች። ኅዳር ላይ ያቋረጠው ልጅ በሚቀጥለው መስከረም ተመልሶ ሲመጣ ብዙ ጊዜ እንደ አዲስ ነው የሚመዘገበው። ደጋሚ ተብሎ አይጻፍም፤ ወላጁም አይናገር፣ ትምህርት ቤቱም አይጠይቅ። ያ ልጅ በሁለት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ «አዲስ ገቢ» ሆነ። ሦስት ጊዜ የሆኑም አይጠፉም። የአንደኛ ክፍል ቁጥር ከአገሩ የሰባት ዓመት ልጆች ቁጥር በእጅጉ የሚበልጠው አንድም በዕድሜ ስብጥሩ፣ አንድም በዚህ መመላለስ ነው። ተሳትፎ ብለን የምናጨበጭብለት ነገር ከፊሉ ውድቀት ነው ማለት ነው።

ልጆቹ ለምን ይወጣሉ ሲባል ድህነት የሚለው መልስ በቀላሉ ይመጣል፤ እውነትም ነው። ግን ክፍል ውስጥ የሚሆነውንም ማየት ያስፈልጋል። የሚኒስቴሩ መለኪያ በአንድ ክፍል 50 ተማሪ ነው። የአንደኛ ክፍል መምህር ከዚያ በላይ ሕፃናት ፊት ቆሞ ፊደል ሲያስቆጥር፣ የኋላ ወንበር ላይ ያለው ልጅ ዜማውን ይይዛል እንጂ ፊደሉን አይለይም። ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል ተማሪ አይወድቅም የሚለው አሠራር ሲጨመርበት፣ ያልገባው ልጅ ከነአለመግባቱ ይዛወራል። በ2002 ዓ.ም. የተካሄደው የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ አሳይቷል። ሁለት ዓመት ሄዶ አንዲት ቃል ያላነበበ ልጅ አባት «ከምትንከራተት ከብት ጠብቅ» ቢል፣ ስሌቱ ስህተት ነው ለማለት ያስቸግራል። ያ ትውልድ አድጎ የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተናን በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ተቀመጠና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ሆነ። አገሩ ሁሉ ደነገጠ። የአንደኛ ክፍል መምህራን የደነገጡ አይመስለኝም።

ይህን ሁሉ ርዕሳነ መምህራን ያውቃሉ። ለምን ሪፖርቱ ላይ አይታይም? የትምህርት ቤቱ ዓመታዊ የስታትስቲክስ ፎርም የሚሞላው ዓመቱ በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው። ወረዳው ለምዝገባ ዕቅድ ይሰጣል፤ ነሐሴና መስከረም መምህራን ቤት ለቤት እየዞሩ ልጅ ይመዘግባሉ፤ ዕቅዱን ያሳካ ይመሰገናል። በ2001 የተጀመረውና ጂኢኪፕ በሚል አጠራር የሚታወቀው የትምህርት ጥራት ፕሮግራም ለየትምህርት ቤቱ ድጎማ ሲያመጣ፣ ሒሳቡ በተማሪ ቁጥር ነበር፤ ለታችኞቹ ክፍሎች በነፍስ ወከፍ 50 ብር። ጠመኔ፣ የወንበር ጥገና፣ የመጸዳጃ ቤት ቆርቆሮ የሚገዛው በዚያ ገንዘብ ነበር። ቁጥር ቢበዛ የሚጠቀም፣ ቢያንስ የሚጎዳ ሰው ስለ አቋራጭ ልጅ በትጋት ሪፖርት ያደርጋል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው። ርዕሰ መምህሩን ከመውቀስ ፎርሙን መውቀስ ይሻላል።

አዲስ አበባ ሌላ ዓለም ናት። እዚህ ሴቶች በአማካይ የሚወልዱት ከሁለት በታች ከሆነ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ በ1992 ዓ.ም. 1.9፣ በ2008 ዓ.ም. 1.8 ነበር። በዚያው በ2008 የአገሪቱ አማካይ 4.6፣ የሶማሌ ክልል 7.2 ነው። በወሊድ ብቻ ቢሆን ኖሮ የአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ወንበር እየተረፋቸው በመጣ ነበር። ግን ከተማዋ ልጅ የምታገኘው ከማዋለጃ ክፍል ብቻ አይደለም፤ ከመናኸሪያም ነው። ከአጎት ቤት ሊማር የመጣ፣ ከእህቷ ጋር ልትኖር የመጣች፣ ቤተሰቧ ተፈናቅሎ የመጣች አለች። የአዲስ አበባ የአንደኛ ደረጃ ክፍሎችን ከገጠሩ የሚለያቸው አንድ ነገር ሴቶቹ ከወንዶቹ መብለጣቸው ነው። ይህን የእኩልነት ድል አድርጎ የሚያቀርብ ሰው ካጋጠማችሁ፣ የማታውን ፈረቃ ሄዶ ይይ በሉት። ቀን ሙሉ የሰው ቤት ሲያጥቡና ሲያበስሉ ውለው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደብተራቸውን በፌስታል ይዘው የሚመጡት ልጆች፣ ከገጠር የመጡ የቤት ሠራተኞች ናቸው። አሥራ አምስት ዓመቷ ሦስተኛ ክፍል የሆነች ልጅ እዚያ ብርቅ አይደለችም።

ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ከተማዋ ለመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ምገባ፣ ዩኒፎርምና ደብተር ታቀርባለች። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የመመገቢያ አዳራሹ በር ላይ ብትቆሙ፣ ሻይ በትልቅ ጀሪካን፣ ዳቦ በመሶብ ሲገባ ታያላችሁ፤ መጋቢ እናቶች የሚባሉት የአካባቢው ሴቶች ነጭ ሽርጥ አሸርጠው ይጨልፋሉ። ምሳ አንድ ቀን እንጀራ በምስር፣ ሌላ ቀን ሩዝ ወይም ፓስታ ነው። አንዷ መጋቢ እናት «ሰኞ ሰኞ ነው ቶሎ የሚያልቅብን» አለችኝ። ቅዳሜና እሑድ ቤታቸው ምን እንደበሉ ለመጠየቅ አልደፈርኩም። ምገባው ልጅ ማምጣቱ የማይካድ ነው። ያልታሰበ ሌላ ነገርም አምጥቷል፤ የግል ትምህርት ቤት ክፍያ በየዓመቱ ሲንር፣ ቁርስና ምሳ ጨምሮ ነፃ የሆነው የመንግሥት ትምህርት ቤት መካከለኛ ኑሮ ለነበራቸው ቤተሰቦችም ማራኪ ሆነ። የነሐሴው ሰልፍ ውስጥ ልጆቻቸውን ከግል ያስወጡ፣ መልቀቂያ በእጃቸው የያዙ አባቶች ቆመዋል። ትንሽ አፍረው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የሚናገሩት።

ከተማዋ ውስጥም ልጆች ቦታ ቀይረዋል። ኮንዶሚኒየሞቹ አያት፣ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ኮየ ፈጬ ላይ በሺዎች ሲበቅሉ ወጣት ቤተሰቦች ተከትለዋቸው ሄዱ። በ2016 የመሀል ፒያሳ ሰፈሮች ለኮሪደር ልማት ሲነሱም እንደዚሁ። ዕድሜ ጠገብ ግቢ፣ ዛፍና የድንጋይ ሕንፃ ያላቸው የመሀል ከተማ ትምህርት ቤቶች አካባቢያቸው ሲሳሳ፣ ዳር ያሉት በአንድ ክፍል ከመለኪያው በላይ ያጭቃሉ።

ወደ ሰሜን ስንሄድ አካፋይና ተካፋይ የሚለው ጨዋታ ትርጉም ያጣል። በትግራይ ትምህርት ቤቶች መጋቢት 2012 በኮቪድ ምክንያት ተዘጉ፤ ሌላው አገር በ2013 መጀመሪያ ሲከፍት ጦርነቱ መጣ፤ ብዙዎቹ የተከፈቱት በ2015 ነው። በ2013 አንደኛ ክፍል መግባት የነበረበት የሰባት ዓመት ልጅ ዘጠኝ ዓመት አልፎት ገባ ማለት ነው። በአማራ ክልል ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ በቀጠለው ግጭት፣ በ2017 የትምህርት ዘመን ከ4 ሚሊዮን በላይ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ መሆናቸውን የክልሉ ትምህርት ቢሮ ተናግሯል። ዩኒሴፍ በአገር ደረጃ ቁጥሩን 9 ሚሊዮን አካባቢ አድርሶት ነበር። እነዚህ ልጆች ሲመለሱ አንደኛ ክፍል ላይ ነው የሚከማቹት፤ ያኔ ጥቅል ተሳትፎ እንደገና ወደ ላይ ይተኮሳል። ያን ቁጥር ይዞ «እመርታ» የሚል ባለሥልጣን እንዳይኖር እመኛለሁ፤ አይቀርም ግን።

እኔ ቢጠይቁኝ፣ የሚያስፈልገው ሌላ ዘመቻ አይደለም። ያው የስታትስቲክስ ፎርም በግንቦት ዳግም ይሞላ፤ በጀትም በመስከረሙ ቁጥር ብቻ ሳይሆን በሁለቱ ተመዝኖ ይመደብ። ያቋረጠ ልጅ ሲመለስ በቀድሞ መለያ ቁጥሩ ይግባ፣ አዲስ ገቢ አይባል። ይህን ሐሳብ ለወሎው መምህር ሳነሳለት ብዙም አልተደሰተም። «ግንቦት ላይ ቁጥራችን ስለሚቀንስ በጀታችን ይቀነሳል ማለትህ ነው?» አለኝ። «ተሳስተሃል። የመጣልን ልጅ ተቀምጧል፤ ምንም አያስወጣንም። ገንዘብ የሚፈጀው ያልመጣው ነው። ቤቱ ድረስ የሚሄድ ሰው፣ ደብተር፣ ለአባቱም የምትነግረው ነገር ያስፈልጋል። ለሚቀረው ልጅ ከመጣው በላይ መድብልን፤ ያኔ ስንቱ እንደቀረ እኔ ራሴ ቆጥሬ አመጣልሃለሁ።»